ጠላማ እህል ነው

ካርዱ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፣ ከደም ግፊት በታች፣ ከክብደት በላይ፤
«አልኮል?» ይላል። ሁለት ሣጥን፦ አዎ፣ የለም።
ዘጠኝ ዓመት «የለም» ላይ ምልክት አኖርሁ፣ ቀና ብዬ ሳላይ
የተቀመጠችውን ሴት ዓይን፣ የመጣችበትን ዓለም።

ትርንጎ የመጣች በግንቦት ነው፣ ከአዘዞ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ፤
ደጇ ላይ በዘንግ የተሰቀለ የዛገ የቲማቲም ቆርቆሮ፣
እሱን ያየ መንገደኛ ጎንበስ ብሎ ይገባል።
የአምስት ወር ሆድ፤ እጇ ጌሾ ጌሾ ይሸታል።

«መጠጥ ትጠጫለሽ?»
«ኧረ እኔ! ምን በወጣኝ!»
«ጠላስ?»
ሳቀች። እንደ ሞኝ አየችኝ።
«ጠላማ እህል ነው» አለችኝ።

«ጠዋት ጋኑን ስከፍት እቀምሳለሁ፤ ሳልቀምስ እንዴት ልሽጠው?
ደንበኛውም አፍሽን አድርጊበት ይላል፣ መርዝ እንዳልሰጠው።
ማታ የተረፈውን ቅራሪ ማን ጨክኖ ያፍስስ?»
በጣቶቿ ቆጠርን። አምስት ጣሳ ላይ ስንደርስ
እጇን ሰበሰበች፣ እንደ ሌባ፣ ወደ ቀሚሷ ኪስ።

እኔስ የማን ልጅ ነኝ?
ደብተሬን የገዛው ጋን ነው፣ የኮሌጄን የከፈለ ብቅል፤
እናቴ ሦስት አሳደገች ድፍድፍ ስታማስል።
የመጨረሻው፣ አያልሰው፣ ቁጥር ከሰባት በላይ አይዘልቅለትም፤
የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይወደዋል፣ ትምህርት ቤት ግን አልወደደውም።
በዚያ ይሆን? በሌላ ይሆን? አላውቅም።
እናቴን የነገራት አልነበረም።
እኔም አሁን አልነግራትም።

ስለዚህ ስብከቱን ተውሁት።
የእንጨት ቀንዴን ከሆዷ ላይ አሳርፌ ጆሮዬን ጣልሁ፤
ከሩቅ እንደሚመጣ የበቅሎ ኮቴ ነው፤ አዳመጥሁ።
«ትርንጎ» አልኋት ቀና ብዬ፣
«በሆድሽ ያለው ጠላ።»
ዝም አለች። የጎንደር ልጅ ናት፣ ቃል ሁለት ጊዜ ትሰማለች፤
መጀመሪያ ጠላውን ሰማች።
ቆይታ፣ የጠላውን።

«ታዲያ ማን ይቅመስልኝ?»
«ባልሽ።»
«እሱ መቅመስ ከጀመረማ ጋኑ ተገልብጦ ያድራል!»
«አማትሽስ?»
«ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ ዓለም ሁሉ ይኮመጥጣታል።»
ሳቅን። ግን አማትየዋ ላይ ተስማማን።

የቀረው ጽዋው ነው። በረከት ነው፣ ተመልሶ አያውቅም።
ሐምሌ፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ጋወኔን አውልቄ አብሬያት ሄድሁ፤
ቀጂዋ ስትደርስ «ለእሷ ተልባ ይሁን» አልሁ።
ቤቱ ጸጥ።
«እኛስ? ጠጥተን አልወለድንም?» አሉ ወይዘሮ አንጓች ከጥጉ።
«ወልዳችኋል» አልሁ። ሌላውን ዋጥሁት ከነመራራው።
ረጅም ነበር ዝምታው።
ኋላ ራሳቸው ተነሥተው ጽዋውን አለቀለቁት፣
ተልባውን ቀዱበት፣
«ያዢ፣ ዕቃው ያው ነው» አሉ፣
እኔን ግን ሳያዩ ተመለሱ።

ነሐሴ። ዝናብ። ካርዷን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ጭቃው እስከ ባቷ፣
ገና ሳልጠይቃት ቀደመ አንደበቷ፦
«ሁለት ጊዜ ቀምሻለሁ። አንዱን ተፋሁት። አንዱን ዋጥሁት።»
ሣጥኖቹን አየሁ፣ አዎንና የለምን፤ እስክሪብቶዬን ያዝሁት።
በመካከላቸው ባለችው ጠባብ ቦታ፣ በትንንሽ ፊደል፣
«ሁለት ጊዜ» ብዬ ጻፍሁ።
በዘጠኝ ዓመቴ እዚያ ካርድ ላይ የመጀመሪያው እውነት ነው።
«እህል ነው?» አልኋት።
«ጠላ ነው» አለችኝ፤
በሩን ስትከፍት፣ ቀጣይዋ ሆዷን ይዛ ገባችብኝ።